ጸጥ ያለ ሰፈር

ሀዋሳ ለሥራ በሄድኩ ቁጥር ባለቤቴ «መናኸሪያ አካባቢ እንዳታርፍ፤ ሐይቁ ዳር ይሻልሃል፣ ጸጥ ይላል» ትለኛለች። ያን ቀን ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ሻንጣዬን ግራና ቀኝ ይዘው ይጓተቱ ጀመር። አንዱ ሌላውን በቴስታ መታው፤ የአፍንጫው ደም ሸሚዜ ላይ ተረጨ። የተመታው ድንጋይ ሲያነሳ ሙዝ የሚሸጡ አንዲት እናት፣ ባለትዳር የሲዳማ ሴቶች የሚይዙትን ቀጭን በትር ይዘው መሀላቸው ገቡ። ያ በትር መሀል ከገባ ማንም እጁን አያነሳም። ድንጋዩን ጣለው።

እኔ ግን «ይሄም ሰፈር ሆኖ» ብዬ እየተራገምኩ ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ሆቴሉ እውነትም ያምራል። ከሰዓት በኋላ ጋደም እንዳልኩ ከጎኔ ካለው ክፍል ጥፊ ሰማሁ፤ ቀጥሎ ቀበቶ፣ ከዚያ የሴት ጩኸት። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ «ኧረ ሰው የለም ወይ?» ብዬ ጮህኩ። እንግዶቹ ሁሉ በየተራ በራቸውን ከውስጥ ሲቆልፉ ሰማሁ። የዚያን ክፍል በር በእርግጫ መታሁት። አንድ ሰውዬ ከፍቶ አፌ ላይ ቡጢ አሳረፈብኝ። ሴቲቱ በብብቱ ሥር ሾልካ በባዶ እግሯ ደረጃውን እየሮጠች ወረደች።

የፊት ጥርሴን መዳፌ ላይ ይዤ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄድኩ። እዚያ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደሜን እያየች፣ በትህትና፣ «እባክዎ ድምፅዎን ይቀንሱ፤ እዚህ የሚያርፈው ሰው ጸጥታ ፈልጎ ነው የሚመጣው» አለችኝ።

«ሻንጣዬን አምጡልኝ» አልኳት። «የማድረው መናኸሪያ ነው።»