ወፏ ትጠራልኝ

ባለፈው ታኅሣሥ ልጄ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ሱሉልታ ይዞኝ ሲሄድ፣ የእንጦጦን ቁልቁለት እንደጨረስን ድርቆሽ የጫነ አይሱዙ ከፊታችን ገባ። ጭነቱ በግራም በቀኝም ተርፎ መንገዱን ሞልቶታል። ልጄ ማለፊያ አጥቶ ይነጫነጫል፤ እኔ መስኮቱን አወረድኩ። «አባባ፣ አቧራው» አለኝ። እኔ የፈለግሁት ሽታውን ነበር፤ ታጭዶ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ የመታው ሣር ሽታ፣ ትንሽ ማር ማር የሚለው። ሰማንያን እየተጠጋሁ ነው፤ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ያ ሽታ ግን ሁልጊዜ ገዲሳን ይዞብኝ ይመጣል።

ገዲሳ የጎረቤታችን ልጅ፣ እኩያዬ ነበር። የማወራው በጃንሆይ ጊዜ ስለሆነው ነው፤ ሁለታችንም አሥራ ስምንት ዓመት ገደማ ሳለን። የሱሉልታ ሜዳ ያኔ አጥር አያውቅም። ከኅዳር ጀምሮ ወንዱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወርድና ጎንበስ ብሎ በሰልፍ ያጭዳል። ገዲሳ ሁሌ ከሰልፉ ቀድሞ ይጨርሳል። ከዚያ ዞሮ ይመጣና የእኔን ድርሻ ከወዲያኛው ጫፍ ይጀምርልኛል። መሃል ላይ ስንገናኝ «አንተ ሣሩን ታጭደዋለህ ወይስ ትለምነዋለህ?» ይለኛል። ሲቀልድ በአማርኛ ነው፤ ሲከፋው በኦሮምኛ። እናቱ የምትልክልንን የገብስ ቂጣና እርጎ ክምር ተደግፈን ስንበላ፣ ከዚያ የሚበልጥ ኑሮ ያለ አይመስለኝም ነበር። አሁንም ብዙ የሚበልጥ አላገኘሁም።

በዚያ ዓመት የባላባቱ ትልቁ የድርቆሽ ክምር አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ተቃጠለ። ማን እንዳቃጠለው ያየ የለም። በማግስቱ ጭቃ ሹሙ አውጫጭኝ ጠራ።

አውጫጭኝን የዛሬ ልጆች አያውቁትም። ጥፋተኛው ያልታወቀ እንደሆነ የአገሩ ወንድ በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ እስኪገኝ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይመለስም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ይቀመጡና ሰዉን አንድ በአንድ እያስማሉ ይጠይቃሉ። የሰማ ሰው ከማን እንደሰማ እንዲናገር አይገደድም፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ያልፋል። ወፏ ማን እንደሆነች መጠየቅ ነውር ነው። ደካማው ሰው ጉልበተኛውን ሳይፈራ እንዲያጋልጥ ታስቦ የተበጀ ይመስለኛል፤ ሐሳቡ ክፉ አልነበረም።

ሁለት ቀን ተቀመጥን፤ ማንም የማንንም ስም አልጠራም። በሁለተኛው ቀን ጭቃ ሹሙ ነገሩ እንዲፋጠን ብሎ ከቤት ስንቅ እንዳይገባ ከለከለ። ውርጩ ላይ አድረን ሦስተኛው ቀን ረፋድ ሲሆን ሆዴ ከጀርባዬ ተጣብቋል። ለሽማግሌዎቹ ጭኮ መጣላቸው። የገብሱና የቅቤው ሽታ እኛ ድረስ ሲደርስ ሰው ሁሉ አንገቱን አዞረ። ገዲሳ ከእኔ አለፍ ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቶ ነበር።

እኔ ከአባቴ ጎን ነበርኩ። እንዲያው ወሬ ለመጀመር ያህል፣ «ክምሩ የተቃጠለ ዕለት ገዲሳን በዚያ በኩል ሲመጣ አይቼው ነበር» አልኩ።

አባቴ ፈጥኖ ዞረ። «በስንት ሰዓት?»

«ከመቃጠሉ ትንሽ ቀደም ብሎ።»

ማጭዱን ረስቶ ሊያመጣ ሄዶ እንደነበር ልጨምር አፌን ከፍቼ ነበር። ማጭዱን ይዞ ሲመለስ አይቼዋለሁ፤ እንዲያውም እየሳቀ አሳይቶኛል። ግን የአባቴን ፊት አየሁት። ሦስት ቀን ሙሉ የጠቆረው ፊት በርቶ ነበር። ዝም አልኩ። ዛሬም ድረስ ያቺን ዝምታ እመረምራታለሁ፤ ሌላ ምክንያት አላገኘሁላትም፣ ርቦኝ ነበር።

የአባቴ ተራ ደረሰ፤ «ወፍ ነገረችኝ» ብሎ ገዲሳን ጠራ። ከእሱ በኋላ የገቡት አራት አምስት ሰዎችም ያንኑ ስም ጠሩ፤ ወሬው በሰልፉ ውስጥ እንዴት እንደሮጠ አላውቅም። እኩለ ቀን ሳይሞላ ገዲሳ የኋሊት ታሰረና ሰዉ እየተንጋጋ ወደ ቤቱ ሄደ። ገዲሳን በአጠገቤ ሲያሳልፉት «ማጭዴን ያዝልኝ፤ እንዳይዝግ» አለኝ። እኔ እንደ ሆንኩ ጨርሶ አልጠረጠረም፣ ወይም እንደዚያ መሰለኝ።

ቤት ገብቼ እስክጠግብ በላሁ። ከዚያ አባቴን «ማጭዱን ሊያመጣ ነው እኮ የሄደው፤ ለዳኛ ልንገር» አልኩት።

«ወፏ እኔ ነኝ ብለህ ልትቆም ነው? አገር ምን ይለናል?» አለ። «እንግዲህ ንጹሕ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ይለቀዋል።»

ፍርድ ቤቱ ግን አልለቀቀውም። ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነበር፤ እኔና አባቴ ከበሩ አጠገብ ቆመናል። የሽማግሌዎቹ ቃል ተነበበ። ዳኛው ገዲሳን የምትለው አለ ወይ ሲሉት፣ «ጌታዬ፣ ወፏ ትጠራልኝ። ፊቴ ቆማ ትናገር» አለ።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። «ለወፍ መጥሪያ የሚያደርስ ፖሊስ የለኝም» አሉ።

ችሎቱ ሳቀ። አባቴ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ፤ ካልሳቅሁ የሚታወቅብኝ መስሎኝ ይሆናል። ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

በሁለተኛው ዓመት እሳቱን የለኮሰው የባላባቱ የራሱ ዘበኛ እንደነበር ተሰማ። ብርድ ሲጠናበት ከክምሩ ሥር ሊሞቅ አንድዶ ነው። በየጠላ ቤቱ ተወራ፤ ለዳኛ የነገረ ግን የለም። እኔም አልነገርኩም። በየክረምቱ ማጭዱን ቅቤ እየቀባሁ አስቀምጥ ነበር፤ የማደርግለት እሱን ብቻ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ በአደይ አበባ ሰሞን ገዲሳ ተፈትቶ ተመለሰ። ከስቷል፤ ጎንበስ ቀና ሲል ወገቡን ይይዛል። ከእናቱ ቤት ቀጥሎ የመጣው እኛ ዘንድ ነው። «አካም ጂርታ?» አለኝ፤ ወትሮ ሰላም የሚለኝ በአማርኛ ነበር። ደጃፍ ላይ ተቀመጥን። ማጭዱን ሰጠሁት፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰ።

«ወፏን ባገኛት» አለ።

«ምን ታደርጋታለህ?»

«ምንም። ርቧት እንደነበር አውቃለሁ እላታለሁ። ሁላችንም ርቦን ነበር።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚጠብቀው ይቅርታ እንኳ አልነበረም መሰለኝ፤ አንዲት ቃል ብቻ ነበር፣ በሩን ከፍቶ ነው የጠበቀኝ።

«ማን እንደሆነች አላውቅም» አልኩት።

«እሺ» አለ። ማጭዱን ጭኔ ላይ መልሶ አስቀመጠ። «ያንተ ይሁን፤ እዚህ ከእንግዲህ አላጭድም።» በዚያው ሳምንት በሆለታ በኩል ወደ ምዕራብ ሄደ ተባለ። አልተመለሰም። የት እንደገባ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

አይሱዙው ወደ አንድ ግቢ ታጠፈልን። አውጫጭኝ የተቀመጥንበት ሜዳ ላይ ስንደርስ የውሃ ፋብሪካ ግንብ ቆሟል። ገዲሳ ከሰልፉ ወዲያኛው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ወደ እኔ እያጨደ ሲመጣ ታየኝ። ናፈቀኝ፤ ደረቴን እስኪያመኝ ናፈቀኝ። እናም ያን ዕለት ደጃፍ ላይ ልለው ይገባኝ የነበረውን ለግንቡ አልኩት፦

«ርቦኝ ነበር።»

ልጄ ዞር ብሎ አየኝ። «አባባ፣ ቁርስ ሳትበላ ነው እንዴ የወጣኸው?» አለና መንገድ ዳር ካለ ምግብ ቤት አቆመ። ምግቡ ቀረበ። «ብላ እንጂ» እያለ አጎረሰኝ፤ እኔም በላሁ።