ለመሻገሪያው መብራት ያዋጣ ሁሉ

ሊወስዱኝ የመጡት ከክፍል ስወጣ ነው። የእጄን ጠመኔ ሳላራግፍ ፒክአፑ ላይ ወጣሁ። ከመቱ ከተማ ወጣ ብሎ ወዳለ ግቢ አስገቡኝና አንድ በር ከፈቱልኝ። መጀመሪያ የተቀበለኝ የረጠበ ልብስ ሽታ ነበር፤ የታሰሩትን ሰዎች ያየኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጥፋቴ መብራት ነበር። ትምህርት ቤታችን ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ ልጆች ሲሻገሩ መኪና የሚያስቆም መብራት ተተክሎ ነበር። ሲበላሽ አንዱ መሥሪያ ቤት የሌላው ነው አለ፤ ሌላውም መልሶ ላከን። ቡና የጫኑት አይሱዙዎች ቁልቁለቱን ሲወርዱ ፍሬን ያላቸው አይመስሉም። አንዲት ተማሪዬ ተገጭታ ሆስፒታል ስትተኛ ቆረጥኩ። "የማሠሪያውን እኛው እንካፈለው" ብዬ ከወላጆች፣ ከባለሱቆችና ከባጃጅ ነጂዎች ማሰባሰብ ጀመርኩ።

ጊዜው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር። ገንዘብ የሚሰበስብ ሁሉ ለሸማቂ እንደሚሰበስብ ይቆጠራል። መርማሪው የፈለገው ያዋጡትን ሰዎች ስም ብቻ ነው። ስሙን የጠራሁት ሰው በማግስቱ አጠገቤ እንደሚተኛ ስለማውቅ ዝም አልኩ። ከዝምታው በኋላ የሆነውን አልጽፍም፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም በደንብ አይሰማም።

አንድ ጠዋት ሐጂን አስገቧቸው። ትምህርት ቤቱ ማዶ የቡና መጋዘን ያላቸው ነጋዴ ናቸው። መዋጮ ስጠይቃቸው "ግብር የምከፍለው ታዲያ ለምንድን ነው?" ብለው ከደጃቸው መልሰውኛል።

በእስረኛው ወግ አዲስ ገቢ "የሻማ" ይከፍላል፤ ለጋራ ሳሙናና ስኳር ይገዛበታል። የክፍሉ አለቃ እጁን ዘረጋ።

"ሐጂ፣ የሻማ።"

"አምፖል እየበራ የምን ሻማ?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ፈራሁ። የሱቅ ጎረቤቶቻቸው በሙሉ አዋጥተዋል፤ ማን ማን እንደሆነ ደግሞ ሐጂ ከእኔ እኩል ያውቃሉ።

ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ግቢው ውስጥ አቆሙን። መርማሪው ለእሳቸው ለዘብ አለ።

"እርስዎ እንዳላዋጡ ሰምተናል። ያዋጡትን ይንገሩንና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።"

ሐጂ ቆባቸውን አስተካከሉ።

"አላዋጣም ያለው ማን ነው? አዋጥቻለሁ።"

"ለማን?"

"ለመብራቱ። መኪና እንዲያስቆም።"

"ሌላስ ማን አዋጣ?"

"እኔ የማውቀው የራሴን ኪስ ነው።"

መርማሪው ወደ ክፍላችን እንድንመለስ አዘዘ። ሐጂ የሻማውን ሳይጠየቁ ከፈሉና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ጠጋ አልኳቸው።

"ሐጂ፣ እርስዎ እኮ አላዋጡም።"

"ያ ባርሲሳ" አሉኝ፤ መምህር ሲሉኝ ሁልጊዜ በኦሮምኛ ነው። "ይኸው አሁን አዋጣሁ አይደል?"

ዞር ብዬ አለቀስኩ።

እስከምፈታ ድረስ አብረውኝ ቆዩ። ካዋጡት ሰዎች አንድም አልተያዘም።

በመዋጮው የተሠራው መብራት ዛሬም አልፎ አልፎ ይበላሻል፤ መዋጮ እየጠየቅሁ የምዞረውም እኔው ነኝ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ለሁሉም አሳውቄ። ሐጂ አርጅተዋል። ድርሻዬ በዝቷል ብለው ሳይሟገቱ ዛሬም አይሰጡም፤ እኔም ሳንቲም አልቀንስላቸውም። ደጃቸው ላይ ቆመን ስንጨቃጨቅ ልጆቹ መንገዱን ይሻገራሉ።