አራት ሳጥንና አንድ ጠርሙስ

እባብ ቤቴ ያመጡት አይጦች ናቸው።

ክልላችን ገና በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ፣ አሶሳ ውስጥ የሣር ክዳን ያላት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ቁልፍ እይዛለሁ፣ የጎደለውን እመዘግባለሁ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በሰፈራ ከወሎ ሲመጡ ትምህርት የወንድሞቼ ነበር፤ እኔ የደረሰኝ እነሱ ከጠገቡት በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፍ ስገዛ እንደ ሌላው ሰው አልነበረም፤ አንዱን ሳልጨርስ ሌላውን አልነካም፣ ገጹን አላጥፍም፣ ለማንም አላውስም። ሃያ ሦስት ደርሰውልኝ ነበር። አይጦቹ ከጥግ ጀመሩ። አንዱን መጽሐፍ እስከ መቅድሙ መጨረሻ በልተው አገኘሁትና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ክረምት አይጦቹ ጠፉ። ለምን እንደ ጠፉ ሳልመረምር መተው አልችልምና መደርደሪያውን ከግድግዳው ሳብኩት። ከኋላው አንድ ክንድ የማይሞላ ቡናማ እባብ ተጠምጥሞ ተኝቷል። ጭንቅላቱ ላይ ግራና ቀኝ ነጣ ያለ መስመር አለው። መደርደሪያውን ቀስ ብዬ መለስኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ።

ለባዮሎጂ መምህሩ ነገርኩት። ከመሃል አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው። አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛን በማታ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ በዕድሜ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር ስቀመጥ ያልሳቀብኝም እሱ ብቻ ነበር። ፈተናውን ያለፍኩ ዕለት ስለ እንስሳት የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ሰጥቶኛል። መልኩን ስነግረው ገና ሳልጨርስ ገባው።

«የቤት እባብ ነው፣ መርዝ የለውም» አለኝ። «ኪራይ ክፈል ካላልሽው አይተናኮልሽም።»

«ጎረቤት ካየው ግን ይገድለዋል።»

«እንግዲያው እህት ዓለም፣ እሱን ከሰው የሚጠብቅ ሳጥን ፈልጊለት።»

ሳጥን ፍለጋው እንዲህ ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ለአናጢ አዘዝኩ። አሶሳ ውስጥ እንጨት መሬት ላይ አንድ ወር ከቆየ ምስጥ ዱቄት ያደርገዋል። ስለዚህ አናጢዎቹ ታዘዙም አልታዘዙም የሠሩትን ሁሉ ከጋራዥ በሚያመጡት የተቃጠለ ዘይት ይቀቡታል። ይህን ስለማውቅ ሁለት ጊዜ «እንዳትቀባው» ብዬዋለሁ። ልወስድ ስሄድ ሳጥኑ ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

«አትቀባው አላልኩህም?»

«ብለሻል። እኔ ግን ምስጡን ከአንቺ የበለጠ አውቀዋለሁ። ለአንቺ ብዬ ደርቤ ነው የቀባሁት።»

«ሽታው አይለቅም እኮ!»

«መጽሐፍ ያሸታል እንዴ?» አለና ረዳቶቹን አሳቃቸው። ለመጽሐፍ ነው ብዬ ዋሽቼው ነበርና ከፍዬ ተሸክሜው ወጣሁ። እባብ የሚያሸተው በምላሱ ነው፤ እዚያ ውስጥ ማስገባት በየትንፋሹ ጋራዥ ማላስ ነው። ሳጥኑን ለቤቱ ባለቤት ለከሰል ማስቀመጫ ሰጠኋት።

ሁለተኛው ከገበያ የገዛሁት የቀርከሃ ቅርጫት ነበር፤ ክዳን ያለው፣ ነፋስ እንደልቡ የሚገባበት፣ ለዓይን የሚያምር። በስንጥቁ እርሳስ አስገብቼ ሞከርኩ፤ አላለፈም። እባቡን በጨርቅ ይዤ ከተትኩት፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ከመደርደሪያው ኋላ ነበር። ሰውነቱን ለካሁ እንጂ ጭንቅላቱ ምን ያህል ጠፍጣፋ እንደሚሆን አላሰብኩም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ማስታወሻ ደብተሬ ላይም እንዲሁ ጻፍኩት።

ሦስተኛው እናቴ የሰጠችኝ የቆርቆሮ ሳጥን ነው። በምስማር በሳሁት፤ ስለቱ እንዳይጭረው ከውስጥ ወደ ውጭ። በኅዳር ቀትር ላይ ግን ከቤተ ሙከራ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር አስገብቼ ሳይ አርባን አልፏል። እባቡን በባዶ እጄ አወጣሁት፤ የዚያን ዕለት ነው መጀመሪያ የነካሁት። ቆዳው እንደ ጠበቅኩት አልነበረም፤ ደረቅና ለስላሳ ነው፣ አዲስ የመጽሐፍ ሽፋን ይመስላል። ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ ልቤ እስኪረጋ ጠበቀኝ። ስም አላወጣሁለትም፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን «እባቡ» ማለት ትቼ «እባቤ» እል ነበር።

አራተኛውን አዲሱ ክልል ሰጠኝ። ቢሮዎቹ አንድ በአንድ እየተከፈቱ ነበር። ጠረጴዛና ቁምሳጥን በኮምፔርሳቶ ታሽጎ ይመጣል፤ ማሸጊያው ከቢሮዎቹ ጀርባ ይጣላል። ዘበኛውን ለምኜ አንዱን አመጣሁ። ያልተቀባ፣ ሽታ የሌለው፣ እባቤ ተዘርግቶ የሚተኛበት። ክዳኑን የትንኝ መከላከያ ወንፊት አደረግኩት፤ ወንፊቱን በልብስ ስፌት መርፌ ሞከርኩት። አራት እግር አበጀሁለትና አመድ በተሞሉ አራት የሣርዲን ቆርቆሮዎች ውስጥ አቆምኩት፤ ምስጥ አመድ አይሻገርም። አንዱን ጫፍ ፀሐይ ወደሚገባበት መስኮት፣ ሌላውን ወደ ጥላ አዞርኩት፤ መሃል ላይ መደበቂያ የተሰበረ ማሰሮ ደፋሁለት። ከገባ በሦስተኛው ቀን በላ። የተጨነቀ እባብ አይበላም፤ ስለዚህ መረጥኩ ማለት የምችለው ያን ዕለት ነው።

መምህሩ መጥቶ አየው። ተንበርክኮ ፊቱን ወደ ወንፊቱ አስጠጋ። «አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ማንም አላስተማረኝም» አለኝ። ደብተሬን ተውሶ ገለበጠው። የትምህርት ቤቱንም እንስሳት እንድረዳው ጠየቀኝ። ኤሊዋ ጠባብ በርሜል ውስጥ ቆማ ግድግዳ ስትቧጥጥ ነበር፤ ኤሊ የምትፈልገው ከፍታ ሳይሆን ስፋት ነውና በጡብ ዝቅ ያለ አጥር ሠራንላት። እስስቱን ደግሞ ከመስታወት አውጥተን የማንጎ ቅርንጫፍ በቆመበት ረዥም የወንፊት ቤት ውስጥ አስገባነው። እስስት ነፋስ ካላገኘ ይታመማል። በዚያ ወር ከሰው ጋር ብዙ አወራሁ።

ከዚያ የቤቱ ባለቤት ደረሰችበት። የበርታ ሴት ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፣ ሐሳቧ ግን ሁልጊዜ ግልጽ ነው። በሩ ላይ ቆማ ሳጥኑን አየችው።

«ይሄ ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሰባት ወር፣ እማማ።»

«ሰባት ወር! ወላሂ አንተ ዝምተኛ ሰው ያስፈራል።» ራሷ ሳቀችና ወዲያው ተኮሳተረች። «እኔ እባብ አልጠላም። የልጅ ልጅ ግን አለ፤ እጅ ያስገባል። እሱ ይወጣል ወይ አንተ ይወጣል። ኸላስ፣ በቃ።»

ሜዳ ላይ ልለቀው አልቻልኩም፤ በከተማው ዙሪያ ሣሩ የሚቃጠልበት ወቅት ነበር። ለመምህሩ ነገርኩት።

«ወደ ቤተ ሙከራው ዕቃ ክፍል አምጪው» አለኝ። «እኔ እያለሁ ማንም አይነካውም።»

እኔ ሰው ሲምል አላምንም። እሱ ግን አልማለም፤ እንደ ቀላል ነገር ተናገረው፤ ስለዚህ አመንኩት። ሳጥኑን ሁለታችን ተሸክመን ከሰፈሬ ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄድን። ሰው «መጽሐፍ ነው?» ሲለን እሱ «ልብ ወለድ ነው» እያለ ይመልስ ነበር።

ሁለት ወር ደህና ነበር። ከዚያ እናቴን ወባ ጣላት፤ ከባምባሲ ወዲያ ካለው የሰፈራ መንደር መልእክት መጣብኝ። ከመሄዴ በፊት ለመምህሩ አንድ ገጽ ጻፍኩለት። ውኃው በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ምግብ አያስፈልገውም፣ በልቷል። መስኮቱ ከቀትር በኋላ ይዘጋ። መጨረሻ ላይ፦ «ዓይኑ ደፍርሷል። ቆዳውን ሊጥል ነው፤ በዚህ ጊዜ አያይም፤ ሰው ሲጠጋው አይሸሽም፣ አይከላከልም። እባክህ አይነካ።»

ጮክ ብሎ አነበበውና «ፈተና አለው እንዴ?» አለኝ።

«አለው። ስመለስ አርማለሁ።»

የቁልፍ ጥቅሌን ሰጥቼው ሄድኩ።

በዘጠነኛው ቀን ተመለስኩ፤ እናቴ ተነሥታ ነበር። ከመኪና ወርጄ በቀጥታ ወደ ዕቃ ክፍሉ ገባሁ። ሳጥኑ ታጥቦ ደርቋል፤ ውስጡ የጠመኔ ፓኬት ተደርድሮበታል። ማሰሮው የለም። ቤተ ሙከራው ጠረጴዛ ላይ ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ቆሟል፤ እባቤ ፎርማሊን ውስጥ ነው። ጠርሙሱ ስለማይበቃው ሦስት ጊዜ ተጠቅልሏል፤ አፍንጫው መስታወቱን ነክቷል።

መምህሩ ከኋላዬ ገባ። «እህት ዓለም፣ ምን ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነበር። እሑድ ሞቶ አገኘሁት። እንዳይበሰብስብሽ ብዬ...»

«ሞቶ?»

«ሞቶ።»

እኔ በየዓርቡ የእያንዳንዱን ጠርሙስ መጠን በእርሳስ መስመር የማሰምር ሰው ነኝ። ይስቁብኛል፤ እሱም ይስቅብኝ ነበር። ቁምሳጥኑን ከፍቼ እንስሳ የምናደነዝዝበትን የክሎሮፎርም ጠርሙስ ወደ ብርሃን አነሣሁት። ከመስመሬ ሁለት ጣት ወርዷል። ጠርሙሱን ፊቱ አስቀመጥኩት።

ተቀመጠ። «የአዲሱ ክልል ባለሥልጣናት ሐሙስ ሊጎበኙን ይመጣሉ» አለ። «ዳይሬክተሩ በሕይወት ያለ እባብ አላሳይም አለ። ባዶ ቤተ ሙከራ ምን ብዬ ላሳይ? እኔን ደግሞ ለትምህርት ቢሮው አጭተውኛል፤ ታውቂያለሽ።»

«አላውቅም።»

«ልነግርሽ ነበር።»

«ልትለቀው ትችል ነበር።»

«ሣሩ እየተቃጠለ?» አለኝ። ያንን የነገርኩት እኔ ነኝ።

«ከባድ አልነበረም» አለ ቀጥሎ፣ ሊያጽናናኝ። «ስይዘው ምንም አላለም። እንዳልሽው ነው፤ አልሸሸም።»

እስከ ዛሬ የሚያመኝ ይህ ነው። እንዳይነካው ብዬ የጻፍኩለት ወረቀት መቼና እንዴት እንደሚያዝ ነግሮታል። ሰባት ወር ሙሉ ሳጥን የመረጥኩት እጅ እንዳይገባበት ነበር፤ ለአንድ እጅ ግን ቁልፉን ሰጠሁት።

ትንሽ ቆይቶ ከኪሱ የተቆረጠ ወረቀት አወጣ። «መለያውን ጻፊልኝ፤ የአንቺ ጽሕፈት ይሻላል።»

ብዕሬን ከፈትኩ። እሱ እየነገረኝ ስሙን ጻፍኩ፣ የቤት እባብ። ቦታውን፣ አሶሳ። «ሰብሳቢ» ብሎ የራሱን ስም ሲነግረኝም ቀና ሳልል ጻፍኩ።

«በምን ተገደለ?» አልኩት።

«እሱ ይቅር።»

«በማታው ትምህርት ሙሉ መለያ አምስት ነገር ይይዛል ብለኸን ነበር።»

«ያኔ ሌላ ነው።»

የተገደለበትን ቀን ጠየቅኩት። እሑድ አልነበረም፤ እኔ በሄድኩ በማግስቱ ነበር። ቀኑን ጻፍኩ፤ ከሥሩ «በክሎሮፎርም» ብዬ ጨመርኩ። መለያውን ጠርሙሱ ላይ ለጥፌ እስኪደርቅ በአውራ ጣቴ ያዝኩት። አየኝ፤ አልቀደደውም። ማንም የሚያነበው አልመሰለውም።

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ፤ ከሰዓት በኋላ የአካባቢው ሰው እንዲያይ ተፈቀደ። የቤቱ ባለቤት በነጠላዋ ተከናንባ መጣችና ጠርሙሱ ፊት ቆመች።

«ይሄ ያንተ ነው?»

«የእኔ ነበር፣ እማማ።»

«ወረቀቱ ምን ይላል? አንብብልኝ።»

መምህሩ ከሁለት እንግዶች ጋር በሩ አጠገብ ቆሟል። ድምፄ ከፍ ብሎ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልጮህኩም፤ ክፍሉ ግን ጠባብ ነው። ስሙን፣ ቦታውን፣ የሰብሳቢውን ስም፣ ቀኑን አነበብኩላት። «በክሎሮፎርም።»

«ምንድነው እሱ?»

«አስተኝቶ የሚገድል መድኃኒት።»

ጣቷን ወደ ጠርሙሱ አስጠጋች፤ አልነካችውም። ከዚያ ዞራ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ በሩ፣ «እኔ ይውጣ አልኩ» አለች። «ይገደል አልኩ?»

እሱ እንግዶቹን ወደ ኤሊዋ አጥር ይዟቸው ሄደ። «ይህ የራሳችን ዲዛይን ነው» ሲል ሰማሁት።

መምህሩ ወደ ትምህርት ቢሮው ተዛወረ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «እህት ዓለም» ይለኛል፤ እኔም የእግዜር ሰላምታ አልነፈግኩትም። ጠመኔውን አውጥቼ ሳጥኑን ወደ ቤቴ መለስኩት፤ የቤቱ ባለቤት በአንድ በኩል ይዛ አግዛኛለች። መስኮቱ ሥር፣ በፊት በነበረበት ቦታ አስቀመጥኩትና መጽሐፎቼን ደርድሬ ወንፊቱን ከደንኩባቸው። ሁሉም ግን አልገቡም፤ አንዱ ውጭ ቀረ።

አይጦቹ በሁለተኛው ወር ተመለሱ። ውጭ የቀረው እሱ የሰጠኝ ወፍራሙ መጽሐፍ ነበር። ከጥጉ ጀመሩት። አላነሣሁትም።