የሊዮኑ ለቅሶ የማን ነበር?

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ልጄ ማርታ ለአንድ ሴሚስተር ልትማር ፈረንሳይ በሄደችበት ጊዜ ነው። ለሰው ስነግረው ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ያማትባል። እኔ ግን የትኛውን ማድረግ እንዳለብኝ እስካሁን አልለየልኝም። ምናልባት ስጽፈው ይለይልኝ ይሆናል ብዬ ነው።

የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ፣ ፒዮሪያ ስትሪት አካባቢ ነው። ሌክውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ። ማርታ እዚሁ ተወልዳ ያደገች አንድ ልጃችን ናት። ኮሌጅ ስትገባ የሰው ልጅ ሁሉ ነርሲንግ ሲያጠና እሷ ፈረንሳይኛ መረጠች። ባለቤቴ፣ «በፈረንሳይኛ ደግሞ ማንን ልታክሚ ነው?» ብሎ ሲያበሽቃት ከረመ። ሊዮን የምትባል ከተማ ሄዳ የመማር ዕድል ስታገኝ ግን ከእሷ ይልቅ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱ የአባቴ ወገን ነው። አባቴ የሞተው እኔ በእናቴ ሆድ እያለሁ ነው። ዘመዶቹ፣ «ገፊ ናት፤ ልጃችንን የበላው የእሷ እድል ነው» ብለው እናቴን ፊት ነሷት። እሷም ደብረ ብርሃንን ትታ አዲስ አበባ ገባችና ሰው ቤት እየሠራች አሳደገችኝ። ከአባቴ ወገን የማውቀው ሁለት ነገር ብቻ ነበር። አጎቴ መኮንን እንደሚባልና ልጁ ተስፋዬ በጅቡቲ አድርጎ ፈረንሳይ መግባቱን። እናቴ ከዓመታት በፊት ስታርፍ ከእነሱ አንድ ሰው እንኳ ቀብሯ ላይ አልቆመም። እኔም እዚህ ሆኜ ነው የተረዳሁት። ያ ነገር ከውስጤ ወጥቶ አያውቅም።

እናም ማርታ ሊዮን ልትሄድ ነው ሲባል ተስፋዬን መፈለግ ጀመርኩ። ብዙም አልደከምኩ። አውሮራ አንድ ለቅሶ ቤት አጠገቤ የተቀመጠች ሴት፣ «ተስፋዬ መኮንን? የደብረ ብርሃኑ? ሊዮን ነው እንጂ፤ እህቴ በደንብ ታውቀዋለች» አለችኝና ስልኩን አስላከችልኝ። ተስፋዬ መኮንን የሚባል ሰው በአገራችን እንደ ጠጠር መሆኑን ያኔ ማን ያስብ!

ደወልኩ።

«ተስፋዬ ነህ? የአሜሪካዋ ዘመድህ ነኝ። አወቅከኝ?»

«የአሜሪካዋ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ከዚያ፣ «እንዴ! እንዴት አላውቅሽም! ድምፅሽ ራሱ እኮ ነው!» አለ።

ድምፄን በሕይወቱ ሰምቶት እንደማያውቅ ትዝ አላለኝም። ደስ አለኝ ብቻ። «የአባትህ የወንድም ልጅ ነኝ» ብለው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን ሰው አወቅኩሽ ካለ በኋላ ማን እንደሆኑ መናገር ማስቀየም ይመስላል። እሱም ማን ነሽ ብሎ መጠየቁ ነውር ሆኖበት ነበር፤ ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው።

«እትዬስ እንዴት ናቸው?» አለኝ።

«እናቴማ አረፈች እኮ። ቆየች።»

«ምን? ኧረ እኛ አልሰማንም!»

ስልኩ ከእጁ ወደቀ መሰለኝ። ወዲያው የአንዲት አሮጊት ጩኸት ሰማሁ። «እኔን ያስቀድመኝ! ምነው እኔን ባስቀደመኝ!» ይላሉ። እናቱ እትዬ የሺ ናቸው፤ በእኔ ሂሳብ የአጎቴ ሚስት መሆናቸው ነው። የደወልኩት ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አንድ ግሮሰሪ በር መኪናዬን አቁሜ ነበር፤ እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። በነጋታው ተስፋዬ ደውሎ ለቅሶ መቀመጣቸውን ነገረኝ። የሊዮን ሐበሻ ሁሉ እየመጣ እግዜር ያጥናችሁ ይላቸዋል። ገፊ ያሏትን ሴት በመጨረሻ አለቀሱላት አልኩ። ዘር ከልጓም ይስባል የሚባለው ለካ እውነት ነው እያልኩ ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ አወራሁ።

ማርታ ሊዮን ስትደርስ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀበሏት። ብዙም ሳይቆዩ፣ «ዘመድ እያላት ዶርም ውስጥ ምን ትሠራለች?» ብለው ሻንጣዋን ጭነው ቤታቸው አስገቧት። እሑድ እሑድ በቪዲዮ እንገናኛለን። እትዬ የሺ ጥቁር ለብሰው ሶፋው ላይ ይቀመጡና «ሚሚዬ» ይሉኛል። እኔ ሙሉ ነው የምባለው። ግን እናቶች ሚሚ የማይሉት ሴት ልጅ የት አለ? ቁልምጫ ነው ብዬ ወዬ እላለሁ። ተስፋዬንም ሳየው አፍንጫው ቁርጥ አባቴን ይመስላል አልኩ፤ ባለቤቴ፣ «የአባትሽን ፎቶ አይተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ። አላውቅም።

ማርታ በጣም ተለወጠች። አማርኛ ስናገራት በእንግሊዝኛ ትመልስ የነበረችው ልጅ፣ «እትዬ የሺ እንዲህ አሉኝ፣ ጋሽ ተስፋዬ እንዲህ አለኝ» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን፣ «ማሚ፣ አይ ሃቭ ኤ ሆል ፋሚሊ ሂር» አለችኝ፤ እዚህ ሙሉ ቤተሰብ አለኝ ማለቷ ነው። እኔም ለልጄ ያጣሁትን ሰጠኋት ብዬ ኩራት ኩራት አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው ብርዱ ሲጀምር ነው። ከሥራ ስወጣ ማርታ ደወለች።

«ማሚ፣ ሊስን! ዘር መቁጠር ቻልኩ! እትዬ የሺ ናቸው ያስተማሩኝ። እኔ፣ አንቺ፣ አልማዝ፣ ኃይሌ፣ ወልደየስ...»

«ቆይ ቆይ። አልማዝ ማናት?»

«ዩር ማም!»

«የእኔ እናት ብርቄ ናት እኮ።»

«አይ ኖው! እኔም ነገርኳቸው። "ብርቄ አሜሪካ ስትሄድ ያወጣችው ስም ይሆናል፤ እህቴን የማውቃት አልማዝ ብዬ ነው" አሉኝ።»

እናቴ እንኳን አሜሪካ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያን አላየችም። ደግሞስ የአጎቴ ሚስት የእኔን ዘር በራሷ አባት በኩል የምትቆጥረው በምን ሂሳብ ነው? ምናልባት አልማዝ የክርስትና ስሟ ይሆን ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። የእናቴን የክርስትና ስም ግን አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ወለተ ማርያም ነው። አልማዝ የሚባል ክርስትና ስም ደግሞ ሰምቼም አላውቅ። ልጄ የማን ቤት ነው ያለችው? የማንን ምግብ ነው የምትበላው? በማን አልጋ ነው የምትተኛው?

ለማርታ ምንም ሳልል ተስፋዬ ጋ ደወልኩ።

«ተስፋዬ፣ አያትህ፣ የአባትህ አባት፣ ማን ይባላሉ?»

«ዘለቀ። ምነው?»

የእኔ አያት ደስታ ነው።

«እኔን ማን ነሽ ብለህ ነው የምታስበኝ?» አልኩት።

«ምን ማለትሽ ነው? ሚሚ ነሻ! የአክስቴ የአልማዝ ልጅ።»

«ሙሉ ነኝ። እናቴ ብርቄ ትባላለች። አልማዝ የምትባል ሴት አላውቅም።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለ።

«ታዲያ ያን ዕለት አወቅኩሽ ያልከኝ?» አልኩት። ተናድጄ ነበር።

«ምን ልበልሽ? አሜሪካ ያለን ዘመድ አክስቴና ልጇ ብቻ ናቸው። ሚሚን ያየኋት በሕፃንነቷ ነው፣ ትክክለኛ ስሟንም አላውቀው። ዘመድህ ነኝ እያልሽኝ ስምሽ ማነው ልበልሽ? አንቺስ የእገሌ ልጅ ነኝ ማለት ምን ገዶሽ ነበር?»

ሳቄ መጣ፤ እሱም ሳቀ። እንደ ሞኝ ስንሳሳቅ ቆየንና ሁለታችንም እኩል ቀጥ አልን። አንድ ነገር ትዝ ብሎን ነው።

«አክስትህ ታዲያ...» አልኩ።

«መሞቷን የነገርሽን አንቺ ነሽ።»

በሕይወት ያለች ሴት፣ ያለች ከሆነ፣ መርዶዋን አርድቼ እህቷን ጥቁር አልብሻለሁ ማለት ነው። ተስፋዬ ታሪኩን ነገረኝ። አልማዝ አሜሪካ የሄደችው እናታቸው በጠና ታማ ሳለ ነው። እትዬ የሺም፣ «እናትሽን በአልጋ ጥለሽ ከሄድሽ እህቴ አይደለሽም፤ ድምፅሽን እንዳልሰማ» ብለው አልሸኟትም። አልማዝ ቃሉን ጠበቀች፤ ድምፅዋን አላሰማችም።

«እባክሽ ለእናቴ አትንገሪያት» አለኝ ተስፋዬ። «ያን ሁሉ ዘመን በሆዷ ይዛው ነበር። አሁን አልቅሳ ወጣላት። ልጅሽንም የእህቴ የልጅ ልጅ ናት ብላ ነው እንደ ዓይኗ ብሌን የምታያት።»

ባለቤቴም ከተስፋዬ ጋር ወገነ። «አንዴ ገድለሻታል፣ አሁን ልታስነሺያት ነው?» አለኝ። ለማርታ ስነግራት ግን ስልኩ ላይ አለቀሰች። «ሶ እኔ ማን ነኝ እዚህ?» አለችኝ። ትምህርቷ ገና አላለቀም። ዶርም ልመለስ ትልና ደግሞ እትዬ የሺ ምን ይላሉ ትላለች። እኔም አንድ ቀን ልናገር እላለሁ፣ አንድ ቀን ልተወው እላለሁ። በሥራ ቦታዬ የአንዷን አሮጊት መድኃኒት ለሌላዋ ልሰጥ ስል ነው ጓደኛዬ የያዘችኝ።

የሚቀጥለው እሑድ በቪዲዮ ስንገናኝ ዝም እላለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ማርታ እትዬ የሺ አጠገብ ተቀምጣለች። ሰላምታው ሲያልቅ እትዬ የሺ ወደ ስልኩ ቀረብ አሉ።

«ሚሚዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትደብቂኝ። እናትሽ ስሜን አንስታ ታውቃለች? ሳትሞት ይቅር ብላኛለች?»

አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለገው። አዎ ብላቸው ሴትዮዋ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያርፉ ነበር። ማርታ ዓይኗን አፍጥጣ ታየኛለች። አፌን ከፈትኩ፤ «አዎ» አልወጣ አለኝ። የማላውቃት ሴት፣ ምናልባትም እዚሁ አሜሪካ በሕይወት ያለች ሴት፣ ይቅርታዋን እኔ በምን መብቴ ነው የምሰጠው?

«እትዬ፣ እኔ ሚሚ አይደለሁም» አልኩ። ከዚያ በኋላ አልቆምኩም። ስልኩን፣ ስሙን፣ አወቅከኝ ማለቴን፣ የአባቴን ወገን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «የሞተችው የእኔ እናት ናት። እህትዎን አላውቃቸውም» አልኩ።

እትዬ የሺ ደረታቸውን በእጃቸው ያዙ። ልባቸው ቆመ ብዬ ፈራሁ።

«እንግዲያ አልማዝ አልሞተችም?»

«አላውቅም እትዬ።»

«አላውቅም ማለት አልሞተችም ማለት ነው» አሉና ብድግ ብለው ከስክሪኑ ወጡ። ማርታ ተከትላቸው ልትሄድ ስትል ተመለሱ። ጥቁሩን አውልቀው ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ተቀመጡና ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

«ያን ሁሉ ያለቀስኩት ታዲያ ለማን ነው?»

«ለእናቴ» አልኩ። የባሏ ዘመዶች ገፊ ብለው እንዳባረሯት፣ ስትሞትም እንዳላለቀሱላት ነገርኳቸው።

«ማን ነበር ስሟ ያልሽኝ?»

«ብርቄ።»

«ብርቄ» አሉ ቀስ ብለው፣ እንደሚለማመዱት። «ይሁን። እንባ ተመልሶ አይገባም። ለብርቄ ይሁንላት። አንቺ ልጅ፣ ተነሽ እራት አቅርቢ» አሉ ወደ ማርታ ዞረው። ማርታ ተነስታ ሄደች።

ማርታ ሴሚስተሩን እዚያው ቤት ጨረሰች። ዛሬም ይደዋወላሉ። ሰው ፈረንሳይ ማን አለሽ ሲላት እኔን ታየኛለች፤ እኔ ደግሞ ባለቤቴን አያለሁ። የአጎቴን ልጅ፣ ትክክለኛውን ተስፋዬ መኮንንን፣ አላገኘሁትም፤ አሁንማ ልፈልገው እንደምፈልግም አላውቅም። የምፈልገው አልማዝን ነው። ዴንቨርና አውሮራ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን በሄድኩ ቁጥር ሚሚ የምትባል ልጅ ያላት አልማዝ ታውቃላችሁ እላለሁ፤ ሁሉም ሁለት ሦስት ያውቃል። እስካሁን የየሺ እህት የሆነች አልተገኘችም። በሕይወት ኖራ ብትገኝ እንኳ «ለቅሶዎን አስለቅሻለሁ» ብዬ እንዴት እንደምጀምር ጨንቆኛል።

ከሁሉ የሚያደናግረኝ ግን ሌላ ነው። እናቴን ከአባቴ ወገን ማንም አላለቀሰላትም። ሊዮን ውስጥ በማያውቋት ሰዎች ቤት፣ በሌላ ሴት ስም፣ ከልብ ተለቅሶላታል። ይህ ለእናቴ ይቆጠርላት እንደሆነ የንስሐ አባቴን ልጠይቃቸው እያልኩ እስካሁን አልጠየቅኩም። አይቆጠርም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነው።