«አብሽር» ብዬ የፈታሁት ሞተር

ሰው ሲሰደድ በጨለማ ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ ግን ከመካነ ሰላም የወጣሁት በገበያ ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ እያየኝ ነው። በእጄ የያዝኩት አንድ የተሰበረ የሞተር ሳይክል አሞርዛተር ብቻ ነበር። «ደሴ ለዕቃ መሄዴ ነው» ብዬ እናቴን ሳምኳት። ዕቃውን በጋዜጣ የጠቀለለችልኝም እሷው ናት። ፊቴን አየችና «አብሽር ይማሜ፣ ታገኘዋለህ» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

አሞርዛተር ለማታውቁት፣ ከኋላ ጎማ በላይ ሆኖ የመንገዱን ጉድጓድ ወገባችሁ ጋ እንዳይደርስ የሚያስቀር፣ ሞላ የተጠመጠመበት ዘንግ ነው። እኔ ከመናኸሪያው ጀርባ ሞተር እጠግን ነበር። የእንስሳት ሐኪማችን ጋሼ መኮንን አሞርዛተራቸው ሲሞት ከሌላ ሞተር የወለቀ ገጠምኩላቸው። ቀዳዳው ለቡሎኑ ሰፋ። ቡሽ ያስፈልገው ነበር፤ ቡሽ ማለት ቡሎኑ እንዳይወዛወዝ ቀዳዳው ውስጥ የሚገባ ቀጭን የብረት ቱቦ ነው። ቡሽ ከየት ይመጣል? የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቆርጬ ጠቀለልኩበትና አጠበቅኩት። «ይይዛል?» አሉኝ። «አብሽሩ ጋሼ» አልኳቸው። ወደ ወለቃ ወንዝ የሚያወርደውን ቁልቁለት ሲወርዱ ቆርቆሮው አልቆ ቡሎኑ ተቆረጠ። እግራቸው ሁለት ቦታ ተሰበረ።

አልከሰሱኝም፣ አልተቆጡኝምም። ከአልጋቸው ሆነው «ደሴ ሂድና ትክክለኛውን አምጥተህ ግጠምልኝ» ብቻ ነው ያሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ደሴ ላይ ዕቃው የለም። «ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገኝም» አሉኝ። ተመልሼ ምን ብዬ ዓይናቸውን ልይ? መናኸሪያ ቆሜ ሳለ ባሕር ተሻግረው ሊሰደዱ የሚሄዱ የኩታበር ልጆች አገኘሁ፤ ሌላ ሳልጠይቅ አብሬያቸው ወደ ባቲ ተሳፈርኩ። የአፋርን በረሃ፣ የኦቦክን ጀልባና የየመንን እስር ያለፈ ሁሉ አውርቶላችኋል፣ እኔ አልደግመውም። ጅዳ ስደርስ እግሬ ላይ የነበረው ጫማ የሌላ ሰው እንደነበረ ብቻ ልንገራችሁ።

ጅዳ! እኛ በሐምሌ ጋቢ ደርበን የምንንቀጠቀጠው ሰዎች፣ እዚያ ጥላ ውስጥ ቆመን እንቀቀላለን። ሩዝ በሥጋ በየቀኑ አለ፤ እኔ ግን የአገሬን የባቄላ እሸት በሕልሜ እፈለፍል ነበር። አራት ሆነን ጣሪያ ላይ ያለች ክፍል ተከራየን። ቧንቧው ሲደርቅ የቤቱ ባለቤት ጋ ሄድኩ።

«ስንት ናችሁ?» አለኝ።

«አራት።»

«ኢቃማ ያለው ስንቱ ነው?»

ኢቃማ የመኖሪያ ፈቃዱ ነው። «አንድም የለም» አልኩ።

«እንግዲያው ቤቱ ባዶ ነው» አለኝ፣ ሻዩን እየጠጣ። «ባዶ ቤት ውሃ አይጠይቅም።»

በሦስተኛው ዓመት አቡ ሳሊም የሚባል የመናዊ ጋራዡ ውስጥ ደብቆ ያሠራኝ ጀመር። አንድ ረቡዕ ነዋፍ የሚባል የሰፈሩ ልጅ ትንሽ የእሽቅድድም ሞተር እየገፋ መጣ። አባቱ የሰፈሩ የፖሊስ አለቃ ነው። ፋብሪካው የገጠመለት አሞርዛተር ዘይቱን ተፍቶ፣ ሞተሩ እንደ ደንባራ በቅሎ ይዘላል። ከውጭ አስመጥቶ፣ ሌላ ድርጅት የሠራውን ወርቃማ አሞርዛተር በካርቶን ይዟል። ዓርብ ከጓደኞቹ ጋር ተራራው ላይ ወዳለው ጣኢፍ ወጥቶ ሐዳ የሚባለውን ቁልቁለት ሊወርድ ነው። «ካልደረሰ ብቻዬን ልቀር ነው» እያለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

አሳዘነኝ። ትከሻውን መታ አድርጌ «አብሽር» አልኩት።

ልጁ ፊቱ በራ። ካርቶኑን አስታቀፈኝና «ነገ ከዐስር ሶላት በኋላ» ብሎ ሄደ፤ ዐስር ከቀትር በኋላ የሚሰገደው ነው። አቡ ሳሊም ግን መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«ምንድን ነው ያልከው?»

«አይዞህ ነው ያልኩት።»

«አይዞህ አላልክም! በዚህ አገር አብሽር ያለ ሰው አደርገዋለሁ ብሏል። ለፖሊስ አለቃ ልጅ ቃል ገባህ። ባትጨርስ አባቱ ይመጣል፤ ከመጣ አንተ ወደ አገርህ፣ እኔ ወደ እስር ቤት።»

እኛ ወሎዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ላዘነ ሁሉ አብሽር እንላለን። ለታመመም፣ ፈተና ለወደቀም፣ በሬ ለሞተበትም እንላለን። በሬውን እናስነሳለን ማለታችን ግን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ከሞተሩ ሆድ ሥር ክሪክ አስገብቼ የኋላ ጎማው እስኪንጠለጠል አነሳሁት። መቀመጫውን አወለቅኩ፤ የላይና የታች ቡሎኖቹን ፈትቼ አሮጌውን አወጣሁ። አዲሱን ከላይ ገጠምኩት፣ ልክክ አለ። ከታች ቡሎኑን ሳስገባ ግን ተንቀጫቀጨ። ቀዳዳው ሰፋ! ያቺው የወለቃ ቀዳዳ ባሕር ተሻግራ ተከትላኝ መጣች።

አቡ ሳሊም ጎንበስ ብሎ አየና የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ በመቀስ መቁረጥ ጀመረ። «ጠቅልልበት። ጣኢፍ ደርሶ ይመለሳል።»

«አልጠቀልልም» አልኩ።

«ሰዓቱ እየሄደ ነው!»

«ከፈለግህ አሁኑኑ ለፖሊስ ስጠኝ። ቆርቆሮ አልጠቀልልም።» ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ።

አሞርዛተሩን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ቡሎኑን ኪሴ ከትቼ፣ ቡሽ በማሽን የሚቀርጽልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። በቀን፣ ያለ ኢቃማ፣ በዋና መንገድ። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ የፖሊስ መኪና አጠገቤ ቆመ።

«ኢቃማ!»

«ቤት ረስቼው ነው።»

«ቤትህ የት ነው?»

ባዶ ቤት እንዴት አድርጌ ላሳየው? ጨርቁን አስፈታኝ። አሞርዛተሩን አገላብጦ አየ፣ ሞላውን በጣቱ ተጫነ።

«የማን ነው?»

የነዋፍን አባት ስም ጠራሁ። ፖሊሱ ዕቃውን ቶሎ መለሰልኝ። «ይህች መኪናም ወገቤን ጨረሰችው» አለኝ ጭራሽ። «ስትጨርስ የእኔንም ታይልኛለህ?» አብሽር ልል አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ምላሴን ነክሼ አስቀረሁትና ራሴን ብቻ ነቀነቅኩለት።

ብረት የሚቀርጸው ፓኪስታናዊ ቡሹን ቀርጾ አወጣልኝ። ማሽኑን ሊያጠፋ ሲል «አንድ ጨምርልኝ» አልኩት፤ በትንሿ ጣቴ የማውቀውን የጋሼ መኮንንን ቡሎንና ቀዳዳ ልክ ነገርኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጋራዡ ተመለስኩ፤ ቡሹ ገባ። ቡሎኑ አልተነቃነቀም። ጎማውን መሬት አስነክቼ አጠበቅኩት፤ ቡሎኑን የሚይዘው ዳዶ ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመርኩበት፣ ቢላላ እንዲታወቅ። ነዋፍ ሲመጣ ሞተሩ ላይ አስቀምጬ፣ ልጁ ቀጭን ስለሆነ፣ ሞላው እንዳይደርቅበት ቀለበቱን ትንሽ አላላሁለት። ልክ ከዐስር ሶላት በኋላ ነበር። እየጋለበ ሄደ። ዓርብን እንዴት እንደዋልኩ አትጠይቁኝ። ሞተር በሰማሁ ቁጥር እነሳለሁ፣ ስልክ በጮኸ ቁጥር ወለቃን አያለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነዋፍ ቴምር ይዞ እየሳቀ መጣ። ሰላምታውን ሳልመልስ ተንበርክኬ ዳዶውን አየሁ። ነጩ መስመር እንዳለ ነው። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ልጁ ያበድኩ መስሎት ነበር።

የዚያን ቀን እናቴ ጋ ደወልኩ።

«ዕቃው ተገኘ?» አለችኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጀምረው። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጠየቃት ሁሉ «ደሴ ነው» ትላለች።

«እማ፣ ጋሼ እንዴት ናቸው?»

«ትናንት መጥተው ነበር፣ በምርኩዝ። ሞተራቸው እኛው ግቢ ነች። ዶሮዋ ኮርቻው ላይ ተኝታ አይተው ሳቁ። ሩቅ ቀበሌ ከብት ሲታመም አልደርስ አልኩ አሉኝ።»

«ሌላ ሰው ይግጠምላቸው።»

«ብያቸዋለሁ። ልጅሽ ነው የሚገጥምልኝ፣ ሌላ አላስነካም አሉ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትመጣለህ አይደል ይማሜ?»

ቃሉ ምላሴ ላይ መጣ። ያዝኩት።

«አለህ?»

«አለሁ እማ።»

«እንግዲያው አብሽሪ በለኝ።»

ሁለተኛውን ቡሽ ኪሴ ውስጥ በጣቴ አሽከረከርኩት።

«አብሽሪ» አልኳት። የወሎውን ይሁን የጅዳውን፣ እኔም አላውቅም።