ቀዳዳ የሌለው አርቪ

ሆርዶፋ አርቪውን ወደ ቤቱ ያመጣው በፈረንጆች 2005፣ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ሊጥል ጥቂት ሲቀረው ነው። ከአንድ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ገዝቶ ሚኒያፖሊስ አጠገብ አፕል ቫሊ ካለው ቤቱ ጋራዥ ፊት ለፊት ሲያቆመው፣ ባለቤቱ ፈነት በመስኮት አየችና መጋረጃውን መልሳ ዘጋች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ከፈተችው። አርቪው እዚያው ነበር።

«ይኼ አውቶቡስ የማነው?» አለችው ሲገባ።

«የኛ ነው።»

«ቤት የለንም እንዴ?»

«ቤትማ አለን። ይኼ የሚሄድ ቤት ነው።»

«የሚሄደውን ምን ላደርግ? የቆመውን ጠርጌ አልጨረስኩም።»

ሆርዶፋ ዕድሜውን ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። በወጣትነቱ ከአሰብ በቦቴ ነዳጅ ያመላልስ ነበር። ከዚያ ስደት መጣ፤ ከስደት በኋላ ሚኒያፖሊስ፣ ፊሊፕስ ሰፈር በአንዲት ክፍል ውስጥ። ቀጥሎ ታክሲ፣ ከታክሲ የኤርፖርት ሻትል። ሁልጊዜ ሌላውን ሰው ወደ ዕረፍቱ ያደርሳል። ሻንጣ ያወርዳል፣ «ሃቭ ኤ ናይስ ትሪፕ» ይላል፣ ባዶውን ይመለሳል። በአሰቡ መንገድ በሪሁን የሚባል ረዳት ነበረው። በሪሁን፣ ሙቀቱ ሲበረታ ከቦቴው ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ «አንድ ቀን ጭነት ሳይኖረን፣ ዝም ብለን፣ ዛፍ ሥር እንቆማለን» ይለው ነበር። ያ ቀን ለበሪሁን ሳይደርስለት ቀረ። ሆርዶፋ ሃምሳዎቹን ካጋመሰ በኋላ የተመኘው ይህንኑ ነው፤ በመረጠው ዛፍ ሥር ሞተር አጥፍቶ፣ ማንም ሳያቸኩለው መቀመጥ። ለፈነት ግን እንዲህ ብሎ አልነገራትም። «ለኢሊሊ ጥሩ ነው» ብቻ አላት። ኢሊሊ እዚሁ የተወለደች የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ናት።

ፈነት በብዙ ነገር ገር ሴት ናት። በንፋስ ግን አትደራደርም። አውቶቡስ ውስጥ ከኋላዋ የተቀመጠ ሰው መስኮት ከከፈተ፣ ዞር ብላ የምታየው አስተያየት መስኮቱን ያዘጋዋል። መኪና ውስጥ ኤሲ ከተከፈተ አንገቷን በነጠላ ትጠመጥማለች። ከበር ሥር ያለች ክፍተት ፎጣ ይጎሰጎስባታል። አንገቱ አልዞር ያለው፣ ጆሮው የደነቆረው፣ ወገቡ የተያዘው ሁሉ፣ በእሷ ዘንድ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ንፋስ መትቶት ነው።

ሆርዶፋም ይህን ስለሚያውቅ የበረዶውን ወራት በሙሉ አርቪውን ሲደፍን ከረመ። የጣሪያውን መተንፈሻዎች በስፖንጅ ወትፎ በብርማ ፕላስተር አሸጋቸው። የመስኮቶቹን ጠርዝ በሲሊኮን ለበጠ፤ ከዚያ ወዲያ ከአንዱ በቀር የሚከፈት አልተገኘም። ሥራውን የሚያጣራው ደግሞ በራሱ ዘዴ ነበር። ክብሪት ይለኩስና በየጥጋጥጉ ይዞ ይዞራል። ነበልባሉ ዘመም ካለ አንድ ቀዳዳ ቀርቷል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ከነደደ ፈገግ ይላል።

አንድ ቀን በዚህ ላይ እንዳለ ጎንፋ ደረሰበት። ጎንፋ አብሮት ኤርፖርት የሚሠራ፣ ሜፕልዉድ የሚኖር፣ ዓሣ ማጥመድ የሚወድ ወዳጁ ነው። አርቪውንም ካየበት ቀን ጀምሮ ዓይኑን ጥሎበታል።

«ሰርዲን ልታሽግ ነው?»

«ፈነትን ንፋስ እንዳይነካት ነው።»

«ፈነት አትገባበትም። ለኔ ሽጥልኝና ተገላገል።»

ፈነት ይህን ስትሰማ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይለቅ ብላ ፍርዷን ሰጠች። «በሰመር አንድ ቅዳሜና እሑድ አብሬህ እወጣለሁ። እሑድ ምሳ እስኪበላ ድረስ አንዴ ‹ቤቴ መልሰኝ› ካልኩ ለጎንፋ ትሸጥለታለህ። ካላልኩ ያንተ ነው፤ ሁለተኛ አልናገርህም።» ሆርዶፋ ተስማማ። ጎንፋም ተስማማ፤ ማንም ባይጠይቀውም።

የዕረፍት ቀናቸው የገጠመላቸው በጁላይ መጨረሻ ነበር፤ በዚያ ሳምንት የሚኒያፖሊስ አስፋልት ከጫማ ሥር ይለጠፍ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከስቲልዋተር ወደ ሰሜን የወንዙን ዳር ይዘው ወጡና አርቪና ድንኳን የሚቆምበት አንድ ካምፕ ውስጥ ከትልቅ የኦክ ዛፍ ሥር አቆሙ። የአርቪው ኤሲ ከካምፑ ኤሌክትሪክ ተሰክቶ ያለ እንከን ሠራ። ፈነት አንገቷን ጠምጥማ፣ ከኤሲው የራቀችውን ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ጎንፋ በትንሿ መኪናው ተከትሏቸው፣ ድንኳንና የዓሣ መንጠቆ ይዞ መጣ። ገና ሲወርድ ጎማዎቹን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለው ሆርዶፋ።

«ንብረቴን እያየሁ።»

እኩለ ቀን ላይ ካምፑ በሙሉ ኤሲ ከፍቶ ኖሮ ኤሌክትሪኩ ድርግም አለ። ጥበቃው በትንሽ መኪና እየዞረ መብራቱ እስከ ምሽት እንደማይመለስ ተናገረ። የአርቪው ጄነሬተር ደግሞ አይሠራም። ሆርዶፋ ወራቱን በቀዳዳ ላይ አጥፍቶ ጄነሬተሩን ለሚቀጥለው ዓመት አስተላልፎት ነበር።

ጎንፋ ውጪ በከሰል የጠበሰውን ሥጋ በሉ። ፈነት እጇን ታጠበችና፣ «እስቲ ጋደም ልበል» ብላ ገባች፤ ከምሳ በኋላ መተኛት ከልጅነቷ የለመደችው ነው። በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ኢሊሊ ከኋላዋ ከፍታ ገብታ ወዲያው ተመልሳ ወጣች።

«ዳዲ፣ አይ ካንት ብሪዝ ኢን ዜር!»

«መተንፈስ ቢያቅትሽም ቀስ በይ፣ እናትሽ ትሰማለች።»

ጎንፋ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። «ቁልፉን አሁን ትሰጠኛለህ ወይስ ቤት ስንደርስ?»

ሆርዶፋ ባልዲ አነሳና ከወንዙ ቀድቶ፣ በኋላ በኩል ባለው መሰላል ጣሪያው ላይ ወጥቶ ደፋው። ቆርቆሮው ጭስስ አለ፤ እንፋሎት ተነሣ። ሁለተኛ ደገመ። በአሰቡ መንገድ ሞተር ሲግል እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ ሞተር ውስጥ ግን ሰው አይተኛም።

«አሁን ገና ሳውና ሆነላት!» ጎንፋ በሳቅ ፈረሰ።

በሩ ተከፈተ። ፈነት ወጣች። ቀሚሷ ከጀርባዋ ተጣብቋል፤ ነጠላው ከአንገቷ ወርዶ በእጇ ተጨብጧል። ባሏን ጣሪያው ላይ ባልዲ እንዳቀፈ አየችው።

«ሆርዶፋ፣ ውረድ።»

ወረደ። ባልዲውን ይዞ ፊቷ ቆመ። ጎንፋ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «አዴ ፈነት፣ በጣም ሞቀዎት መሰለኝ። የሚሉት ነገር ካለ እንስማዎት» አላት።

«አንተ ቆይ» አለችውና ወደ ባሏ ዞረች። «ከአልጋው በላይ የተለጠፈው ምንድነው? ላነሣው ብል ጥፍሬ ተሰበረ።»

«መተንፈሻ ነበር።»

«ነበር?»

«ንፋስ እንዳይገባብሽ ብዬ . . .»

«መስኮቶቹስ? አንዳቸውም እሺ አላሉኝ።»

«እነሱንም ንፋስ እንዳይገባብሽ ብዬ ነው።»

ጎንፋ ነገሩን ሊቋጨው ፈልጎ ጣልቃ ገባ። «ክብሪት እየለኮሰ ነው ያጣራው፣ አዴ ፈነት! ጆሮ በሚቆርጥ ብርድ፣ ሙሉ ዊንተር፣ ክብሪት ይዞ እንደ ቄስ ሲዞር ነው የከረመው!»

ፈነት በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። «እዚህ ውስጥ?» አለች።

«ሂተር ነበረኝ» አለ ሆርዶፋ።

«አልነበረህም። ሂተሩን ጋራዥ ውስጥ አየው ነበር።»

ሆርዶፋ ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። ፈነት አርቪውን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ብርማውን ፕላስተር፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ የደረቀውን ነጭ ሲሊኮን። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሆርዶፋ መጀመሪያ አለቀሰች ብሎ ደነገጠ። እየሳቀች ነበር። ሳቋ አላቆም ብሏት የበሩን እጀታ ያዘች።

«አንድ ቀዳዳ እንኳ? ለነፍስ መውጫ የምትሆን?»

«አንድ መስኮት አለ . . . በሾፌሩ በኩል።»

«አልጋውን አውጡት!» አለች ዓይኗን እየጠረገች።

«አልጋው ከመኪናው ጋር የታሰረ ነው።»

«እንግዲያው ፍራሹን! መተሐራ በሙቀት ወር ቤት ውስጥ የሚተኛ አይተሃል? አባቴ አልጋችንን ግቢ አውጥቶ አይደለም ወይ ያሳደገን?» ሆርዶፋ መተሐራን ያውቃል፤ የአባቷ ሻይ ቤት ቦቴ የሚያቆምበት፣ እሷንም ያየበት ነው።

«ንፋሱስ?» አለ ጎንፋ።

«የምን ንፋስ? ሰውን የሚመታው በቀዳዳ ሾልኮ የሚመጣው ነው። የሜዳ ንፋስ መንገዱ ሰፊ ነው፤ እኔ ላይ ምን አለው?»

ሆርዶፋ ይህን ልዩነት በትዳር ዘመኑ ሁሉ ሰምቶ አያውቅም። ንፋስ ሲባል ሁሉንም ንፋስ ይመስለው ነበር።

ፍራሹ በጠባቧ በር መሐል ተወተፈ። ሆርዶፋ ከውስጥ ገፋ፣ ጎንፋ እያጉረመረመ ከውጪ ጎተተ፤ ሲለቅ ጎንፋን ይዞት ወደቀና ኢሊሊ ሳቀችበት። ዛፉ ሥር አነጠፉት። ፈነት አንሶላዎችን ወንዝ ውስጥ ነክራ፣ አየሩ በሚመጣበት በኩል ገመድ አስወጥራ ሰቀለቻቸው። በእርጥቡ አንሶላ ውስጥ ያለፈው ንፋስ ሲደርስባቸው ኢሊሊ፣ «ኦ ማይ ጋድ፣ ማም!» ብላ ፍራሹ ላይ ተዘረረች። ከመጠጥ ሣጥኑ በረዶ የቀረበት ውሃ ሳፋ ውስጥ ተደፋ፤ እግር ገባበት፤ ሐብሐብ ተቆረጠ።

ከጎናቸው የሰፈሩ ሽማግሌ ፈረንጅና ባለቤታቸው ላብ በላብ ሆነው ያዩ ነበር። ባልየው ጠጋ ብለው ስለ አንሶላው ጠየቁ። ፈነት አረጋውያን በምትንከባከብበት ነርሲንግ ሆም በለመደችው እንግሊዝኛ፣ ሽማግሌዎችን ለማስተኛት በለመደው ድምጿ አስረዳቻቸው። ጥቂት ቆይቶ ከእነሱም በር ፍራሽ መውጣት ጀመረ። ከዚያ ከወዲያኛውም። ጸሐይ ስታዘቀዝቅ በዚያ ረድፍ አርቪው ውስጥ የቀረ ሰው አልነበረም።

ፈነት አንገቷን ገልጣ፣ አፏን ከፍታ፣ ንፋሱ ፀጉሯን እያነሣ እየጣለው ተኛች። ሆርዶፋ ከራስጌዋ ዱካ ላይ ተቀመጠ። የትም የሚያደርሰው ሰው አልነበረም።

«ውጪ መተኛት አይቆጠርም» አለው ጎንፋ በሹክሹክታ።

«‹ቤቴ መልሰኝ› አላለችም።»

«ገና ነገ አለ።»

አመሻሹ ላይ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ ትንኝም መጣ። ፈነት መረብ ያለውን የጎንፋን ድንኳን ወረሰችበት። «እኔስ?» ሲላት፣ «አንተማ ንብረትህ ውስጥ ተኛ» አለችው። ጎንፋም ደስ ብሎት ገባ፤ በሳምንቱ ሙቀት የተማረረበትን ሁሉ ሊወጣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ ፊቱን አዙሮበት ተኛ።

ጠዋት ከአርቪው የወረደው በጎን ነው። አንገቱ አልዞር ብሎት ሰላም የሚለው በመላ አካሉ ዞሮ ነበር። ፈነት ቪክስ እያሸችለት፣ «ንፋስ ነው» አለችው።

«ምንም ንፋስ አይደለም፣ ትራሱ ነው።»

«ዝም በል፣ አንገትህን አትነቅንቅ።»

«ብነቀንቀውማ ጥሩ ነበር!»

ሆርዶፋ አልሳቀም። ምሳ እስኪበላ የፈነትን ፊት ሲያጠና ዋለ። ፈነት ሐብሐብ ስትቆርጥ፣ ከፈረንጇ አሮጊት ጋር ስትጫወት አያት፤ አንዴ ተነሥታ መንገዱን ወደ ቤት በሚወስደው በኩል ስታይ ከተቀመጠበት ብድግ አለ። ዓይኗን ከጸሐዩ እየጋረደች ኢሊሊን እየፈለገች ነበር። ኢሊሊ ከወንዙ ዳር እጇን አወዛወዘችላት።

ምሳ ተበላ። ሳህኑ ተነሣ። ፈነት ምንም አላለችም። ጎንፋ አንገቱን እንደያዘ፣ «እንግዲህ ያንተው ነው፤ እኔስ ንፋስ ያለበት መኪና አልፈልግም» ብሎ መንጠቆውን ይዞ ወደ ወንዙ ሄደ። ሆርዶፋ ነገ ሥራ አለና ከአርቪው ጎን የተዘረጋውን የጥላ ሸራ መጠቅለል ጀመረ። ፈነት ከዛፉ ማዶ ስልክ እያናገረች ነው። አብራት ነርሲንግ ሆም ለምትሠራው ለምንዳዬ ነበር የደወለችው።

«ምንዳዬ፣ የነገ ፈረቃዬን ያዥልኝ እስቲ . . . ኧረ ማንም አልታመመም . . . ሙቀት? የምን ሙቀት? እኛ ጋ ነፋሻ ነው . . . አይ፣ ማክሰኞም አልመጣ ይሆናል፤ ሆርዶፋን ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ሆርዶፋ የጠቀለለውን ሸራ መልሶ ይዘረጋ ጀመር።