ሁለት ካርቡራተር፣ አንድ ቱቦ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ነው። አባዬ አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ነበረችው፤ አየርና ቤንዚን የሚቀላቅሉ ሁለት ካርቡራተሮች ያሏት፣ በዕድሜዋ ልክ ጠባይዋ የከፋ። ያኔ ቅዳሜ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከየካ ዳገቱን ይዘን ወደ እንጦጦ ማርያም እንወጣ ነበር። አባዬ ከመነሳታችን በፊት ሚኒሞዋን፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ልክ፣ ግቢያችን ውስጥ አስተካክሎ «አሁን ዳነች» ይላል። ላይ ስንደርስ ግን አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛባታል፣ ጥቁር ጭስ እየተፋች ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ይህን በየሳምንቱ እያየ በየሳምንቱ ታች ሳለን ያስተካክላት ነበር። እናታችን ትስቅበታለች፤ እሱ ግን አልተወውም።

ከባህር ዛፎቹ ሥር አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ኮፈኑን ይከፍታል። የእጅ ባትሪው ብርሃን ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ከታች ከመንደሩ የሚነደው የባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ከቤንዚኑ ሽታ ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱ ካርቡራተሮች እኩል አየር ካልሳቡ ሞተሩ አይረጋም። ስለዚህ የአንድ ጎማ ቱቦ ጫፍ ከአንዱ ካርቡራተር አፍ፣ ሌላው ጫፍ ከጆሮ ይጠጋል፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። አብዝቶ የሚስበው ሲታወቅ አባዬ በካቻቢቴ ትንሽ ይነካካዋል። በዚህ መሀል ብርዱን እንድንረሳ ተረት ያወራል፤ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እየጮኸ።

ቱቦው ግን የታላቅ እህቴ የሌንሴ ነበር። አባዬ ወፍጮ ቤት ስለሚሠራ ጆሮው ቀድሞ ደክሟል፤ ያን ስስ ፉጨት መለየት አይችልም። ሌንሴ ትለያለች። አባዬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ «የሌንሴ ጆሮ የድመት ነው» ይላል። እኔ ጉንፋን ቶሎ ይይዛታል ተብዬ የፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ተረቱ እንዲሰማኝ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ። ሌንሴ ቱቦውን ስትይዝ እያየሁ እቀናባት ነበር። አንድ ጊዜ አባዬን ለምኜው ቱቦውን ሰጠኝና የሰማሁት ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ፤ እንዲያው በግምት «የኋላው» አልኩ። አባዬ ቱቦውን ከእጄ ተቀብሎ ለሌንሴ ሰጣት። «የፊተኛው ነው» አለች፤ ሞተሩም ረጋ። በማግሥቱ እንጦጦ ራጉኤልን ስንሳለም፣ ሌንሴን ጆሮዋን እንዲያማት ተሳልኩ።

ዘንድሮ አባዬ መኪናዋን ለሌንሴ ሰጣት። የሚያማትን የምታውቀው እሷ ናት አለ። እንኳን ደስ ያለሽ ስላት ጥርሴን ነክሼ ነበር። ሲ.ኤም.ሲ ቤቷ ሄጄ ግቢዋ ውስጥ ቆሜ አየኋት፤ ያችኑ ቱቦ ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ካቻቢቴውን እንደ አባዬ አያያዝ ይዛ። ጎልማሳ ሴት ሆኜ ያው ልጅ ሆንኩ።

ድንገት ቀና አለችና «እንዴት እቀናብሽ እንደነበር ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

እያሾፈችብኝ መሰለኝ።

«አንዱ ጆሮዬ ቱቦ ላይ፣ ሌላውን በጣቴ ደፍኜ፣ የአባዬን ተረት አንዱንም ሰምቼ አላውቅም» አለች። «አንቺ ስትስቂ በመስኮቱ አይሽ ነበር። አሁን ብጠይቀው ‹እህትሽን ጠይቂያት፣ እሷ ጋ ነው› አለኝ።»

ስሙን ብቻ የምታውቀውን የጅቡንና የጃርቷን ተረት ንገሪኝ አለችኝ። ነገርኳት። ጅብና ጃርት አንድ ዋሻ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ጅብ በየሌሊቱ፣ አተነፋፈስሽ እንቅልፍ ነሳኝ እያለ ይነዘንዛታል። ጃርት ቻለች፣ ቻለች፤ በመጨረሻ መረራትና ዋሻውን ጥላለት ሄደች። እዚህ ላይ አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለች ሌንሴ።

«ከዚያማ ረሳሁት» አልኳት።

አልረሳሁትም። ጅቡ ያን ሌሊት ጸጥታው አላስተኛ ብሎት፣ እስኪነጋ በየጫካው ጃርትን ሲጣራ አደረ። አባዬ ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ወደ መስኮቴ ጎንበስ ብሎ ነበር። ለካ የሚያወራው ለእኔ ብቻ ኖሯል። ሌንሴ አሁንም እየደወለች ትዝ አለሽ ወይ ትለኛለች። መኪናዋ የእሷ ናት፤ ይህችን የተረቱን መጨረሻ ግን ለጊዜው ለማንም አልሰጥም።